አርጅታለች የተባለችው

«አርጅታለች እኮ! ምን ላድርጋት?» አለች ምራትየው በስልክ። እማማ ስልክ የታጠበ የትራስ ልብስ ታቅፈው በኮሪደሩ ሲያልፉ ነው የሰሙት። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ማለፍ ነበረባቸው፤ እግራቸው ግን ሳያማክራቸው ቆመ። «ቀኑን ሙሉ ስታጉተመትም ነው የምትውለው። ጠዋት ስትነሳማ አትጠይቀኝ! ትንሽ ሥራ ከበዛባት ደግሞ ትግልና ጭራሽ ትዘጋኛለች... ባሌማ ምን አለበት፣ ‹ለዚህ ዓመት እንደምንም ታግሠሽ ያዢያት› ነው የሚለው። አብሬያት የምውለው እኔ! ... አዎ። አዎ፣ ዛሬማ አወጣታለሁ።»

ሰፈሩ እማማ ስልክ የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነበር ሥራቸው። ድምፅ ብቻ ሰምተው የየትኛው ክፍል ኃላፊ እንደሆነ፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ መምጣት አለመምጣቱን ጭምር ይለያሉ ይባልላቸው ነበር። ራሳቸውም «ዓይኔን ተጠራጠሩት፣ ጆሮዬን ግን ተዉልኝ» ማለት ይወዳሉ። ያ ሥራ ታዲያ አንድ የማይታለፍ ደንብ ነበረው፤ መስመሩን ካገናኙ በኋላ ጆሮን መንቀል። ግማሽ ጥሪ የሰማች ኦፕሬተር ምንም እንዳልሰማች ትቁጠረው ተብለው ሠልጥነዋል፤ አዳዲሶቹንም እንደዚያው እያሉ አሠልጥነዋል። ዛሬ ያ ሁሉ ደንብ የት እንደገባ እንጃ። የትራስ ልብሱን እንዳቀፉ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከሁሉ የቆረቆራቸው ደግሞ እርጅናው አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም ያውቁታል። የቆረቆራቸው «አርጅታለች» መባሉ ነው። «አርጅተዋል» ቢባል ኖሮ፣ እሺ፣ እውነት ነው፣ ይባል። ይህቺ ልጅ እኮ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ «እርስዎ» ሳትል ውላ አታውቅም። ይቀመጡ እማዬ፣ ይቅመሱ እማዬ፣ ተኙ እንዴ እማዬ! የገዛ ልጃቸው አንቺ ትላቸዋለች፤ እሱ የልጅ ነው፣ ይጣፍጣል። የምራት እርስዎ ግን ሌላ ነው፣ ማዕረግ ነው። እና ፊት ለፊት እርስዎ፣ ዞር ሲሉ እሷ? «እሷ ሆንኩ!» አሉ ለመስኮቱ። «ወይ እኔ! እሷ ሆኜ አረፍኩት!» መስኮቱ ምን ይበላቸው፤ ከማዶ ያለው ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ይወዛወዛል።

ከዚያ ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የባሰው። አጉተመትማለሁ ወይ? ያጉተመትማሉ። መነጽራቸውን ሲፈልጉ ያጉተመትማሉ፣ ሲያገኙትም ያጉተመትማሉ። ጠዋት ሲነሱስ? ጉልበታቸው እስኪፈታ ድረስ ከአልጋው ጋር፣ ከጫማው ጋር፣ ከግድግዳው ጋር ሲነታረኩ ነው የሚቆዩት። ይግላሉ ወይ? ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ሠራተኛው መታጠቢያ ቤቱን በጭቃ ጫማው ሲረግጠው ምን እንዳሉት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ሰው ይዘጋሉ? ትናንት ማታ ምራታቸው «ሾርባው ጨው በዛበት እንዴ?» ስትል መልስ ሳይሰጡ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነስተዋል። ሁሉም ልክ ነው። አንድም የተሳሳተ ነገር አጡባት። ልጅቷ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ተቆጥተው ይወጣላቸው ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ቅስማቸውን የሰበረው።

ስልካቸውን አንስተው ሴት ልጃቸው ጋ ደወሉ። ይህችን ልጅ ቤተሰቡ ዳኛ ነው የሚላት። ሥራዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ግን ከሕፃንነቷ ጀምራ የሰው ጠብ መሐል ገብታ ፍርድ ሳትሰጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። እማማ ስልክ የሰሙትን አንድ በአንድ፣ ድምፁን ሳይቀር አስመስለው ነገሯት። ዳኛ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዛሬ ነው የምታስወጣሽ? በአፏ ዛሬ አለች?» ብላ ጠየቀች። ብላለች አሏት። «ወንድሜስ ታግሠሽ ያዢያት አለ?» ብሏል አሏት። «በቃ። ከምሳ በኋላ ታክሲ ይዤ መጣሁ። ሻንጣሽን አዘጋጂ። እኔ ቤት ክፍል ሞልቷል!» አለችና ዘጋች።

ክፍሉ እንዳልሞላ እማማ ስልክ አሳምረው ያውቃሉ። ዳኛ ቤት ሲሄዱ የሚተኙት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ በተደራራቢው አልጋ የታችኛው ላይ ነው፤ ከላይ ያለው በሕልሙ ኳስ ይጫወታል። እዚህ ግን የራሳቸው ክፍል አላቸው። ጠባብ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት በሩ አይከፈትም፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ወንበሩ ተነስቶ አልጋ ላይ ይወጣል። ቢሆንም የጠዋት ፀሐይ አለው። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትተው ሹራባቸውን፣ የሌሊት ልብሳቸውን፣ የባላቸውን ፎቶ፣ ኪኒናቸውን ከተቱ። ከዚህ ቤት መውጣት አልፈለጉም። ይህንን ለራሳቸው በግልጽ ሲሉት ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በትራስ ልብሱ ጠረጉትና ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ፣ ከውጭው በር አጠገብ አቆሙት።

የቀረው የክር ቅርጫታቸው ነው። እሱ ደግሞ ያለው ሳሎን፣ ምራታቸው የምትሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። የኮምፒውተሩ ሳጥን ከጀርባው ሞቅ ያለ አየር ይተነፍሳል። እማማ ስልክ ይህን ካወቁ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ወንበራቸውን ወደዚያ አስጠግተው ኪሮሻቸውን ይሠራሉ፤ ጉልበታቸው ይፈታላቸዋል። የክር ጥቅላቸውን ከሳጥኑ ጀርባ ነው የሚወትፉት፤ የሞቀ ክር እጅ ላይ ይለሰልሳል ባይ ናቸው። አሁን በእጃቸው ያለው ብርቱካናማ የሹራብ ደረብ የዚችው የምራታቸው ነው። አንድ ቀን «መስኮቱ አጠገብ ስቀመጥ ትከሻዬን ይበርደኛል» ብላ ነበር፤ እሳቸው ያልሰሙ መስለው በማግስቱ ክር ገዙ። «እወስደውና እተረትረዋለሁ» አሉ እየሄዱ። «ክሩን አጥቤ ለድመት አልጋ አደርገዋለሁ።» ድመት የላቸውም።

ሳሎን ሲገቡ ምራትየው ወንበሩ ላይ የለችም። እግሯ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ይታያል፤ ባለ አበባ ካልሲ፣ አንዱ ተረከዙ ጋ የተቀደደ። ይህቺ ልጅ ሥራዋ ገና ያልተሠሩ ማእድ ቤቶችን በኮምፒውተር መሣል ነው። አንድ አናጢ አለ፣ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፤ ደንበኛው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቁም ሳጥኑን፣ መደርደሪያውን፣ መብራቱን ልክ ፎቶ እንደተነሳ አድርጎ እንዲያይለት ይፈልጋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ደንበኛ አናጢው ጋ ትመጣለች። እስከዚያ ሥዕሉ ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አናጢው ትናንት ሳያፍር ነግሯታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሥዕሉን ሊያወጣ ሲል ይንገዳገድና ይጨልማል።

«እማዬ! እንኳን መጡልኝ!» አለች ሳታያቸው፣ ኮቴያቸውን ብቻ ሰምታ። «እባክዎ እወንበሩ ላይ ቁጭ ይበሉና ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ ይንገሩኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።»

እማማ ስልክ ተቸገሩ። አኩርፈዋል፤ ያኮረፈ ሰው ደግሞ አያወራም። ነገር ግን በሕይወታቸው አንድም ጥሪ ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም፤ የተጠራ መስመር እንዲሁ ሲጮህ ሰውነታቸውን ይበላቸዋል። መላ ዘየዱ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዞሩ።

«ለሚጠይቅ ሰው» አሉ ለመጋረጃው፣ «የተንጋደደ መስመር ይታያል።»

«ምን ዓይነት መስመር?»

«አረንጓዴ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«የሚያዩ ሰዎች።»

ምራትየው ገመዱን ነቅላ ሌላ ገመድ ሰካች። «አሁንስ እማዬ?»

«መስመሩ ሄዷል ተብሏል። በምትኩ ነጠብጣብ መጥቷል፣ ሮዝ። ኩፍኝ የወጣበት ማእድ ቤት ይመስላል፣ ለሚያይ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ጥርስዎን አሞዎታል እንዴ? አነጋገርዎ...»

ስክሪኑ በዚህ መሐል ድርግም አለ። «ጨልሟል» አሉ ቶሎ ብለው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይናገሩ ማቆየት አልቻሉም። ምራትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና «ገመዱም አይደለም፣ ስክሪኑም አይደለም። በቃ፣ የካርድ ችግር ነው» አለች ለራሷ።

እማማ ስልክ አሰቡ። ቂም ሌላ፣ የሰው ችግር ሌላ ነው። «ለቸገረው ሰው» አሉ ለመጋረጃው፣ «የኔ መሳቢያ ውስጥ ያልተፋቀ ካርድ አለ።»

ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ምራትየው ሳቋን መያዝ አቅቷት ጭንቅላቷን ጠረጴዛው መትቷታል። ግንባሯን እያሸች ወጣች። «የስልክ ካርድ አይደለም እኮ እማዬ! ግራፊክስ ካርድ ነው የሚባለው። እሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ስክሪኑ ላይ ምስሉን የሚሥለው እሱ ነው። እሱ ከታመመ እንደዚህ ኩፍኝ ያወጣል።» እማማ ስልክ ፈገግታ አመለጣቸው፤ ሊመልሱት ሲሞክሩ ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ቀረ። ምራትየው ስልኳን አንስታ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው ሰውዬ ጋ ደወለችና፣ ሁለት እጇን እንድትጠቀምበት ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ገመዱን ቀየርሽ?» አለ ባለ ጥገናው። ከጀርባው የመንገድ ጡሩምባ ይሰማል።

«ቀየርኩ፣ ያው ነው። ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራምም ጠዋት እንዳልከኝ አጥፍቼ እንደገና ጭኜዋለሁ።»

«እንግዲህ ራሷ ካርዷ ናት። ጠዋት ድምፅ አላት ብለሽኝ አልነበር?»

«ድምፅ ትላለህ! አርጅታለች አልኩህ እኮ! ቀኑን ሙሉ ስታጉተመትም ነው የምትውለው፤ ትንሽ ሥራ ከበዛባት ደግሞ ትግልና ትዘጋኛለች።»

«አዲስ እንዳትገዢ ዋጋው አይቀመስም፤ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ባልሽ እውነቱን ነው፣ ለዚህ ዓመት ታግሠሽ ያዢያት። በይ አሁን ኤሌክትሪኩን ነቅለሽ አውጫት፤ ማራገቢያዋን እዪልኝ።»

እማማ ስልክ ክው አሉ። መጀመሪያ ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ ምራታቸው፣ በመጨረሻ ወደ ሳጥኑ አዩ። ሳጥኑ ገና አልተነቀለም፤ ትር ትር ትር ጉርርር፣ ትር ትር ትር ጉርርር ይላል። ልክ ጠዋት ጫማዋን ስትፈልግ እንደምታጉተመትም አሮጊት። ይህን ድምፅ ስንት ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጠው ሰምተውታል! «ለካ!» አሉ ድምፅ ሳያወጡ። ግማሽ ጥሪ! ያን ሁሉ ዘመን አዳዲስ ልጆችን ሲገሥጹበት የኖሩትን ጥፋት፣ ራሳቸው በስተርጅና ሠሩት። ደስታው ቀድሞ መጣ፤ ደረታቸው ቀለል አለ፣ ሊስቁም ዳዳቸው። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ያቆሙት ሻንጣ ትዝ አላቸው። ከዚያ ዳኛ ትዝ አለቻቸው።

«መጣሁ» ብለው ወደ ክፍላቸው እየተጣደፉ ሄደው ደወሉ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ዳኛ ፍርድ ልትሰጥ ስትሄድ ስልክ አታነሳም፤ ይህን ያስለመዷት ራሳቸው ናቸው፣ ሥራ ላይ ሌላ መስመር አታንሺ እያሉ። ሻንጣውን ሊያነሱት ሞከሩ። ሲያስወጡት በንዴት ቀሎላቸው የነበረው አሁን አልነቃነቅ አለ። ከሳሎን «እማዬ፣ ባትሪ የሚያበራልኝ ሰው እፈልጋለሁ!» የሚል ጥሪ መጣ። ሻንጣውን ትተው ሄዱ።

«አምጪ፣ እኔ ላብራልሽ» አሉ። ምራትየው ቀና ብላ አየቻቸው። «እፎይ! ጥርስዎ ተሻለዎት?»

«ተሻለኝ። ድንገት ነው የተሻለኝ።»

ሳጥኑን ነቅለው ወለሉ ላይ አጋደሙት። ምራትየው ብሎኖቹን በካቻቢቴ እየፈታች በሻይ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አጠራቀመች። ክዳኑ ሲነሳ አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ካርዷ ከመሐል ተጋድማለች፤ ጥቁር፣ የአንድ መጽሐፍ ቁመት ያላት፣ ሆዷ ላይ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያ ያላት። ምራትየው መያዣውን ተጭና ቀስ አድርጋ ነቀለቻት። «ነይ እስቲ የኔ እናት» አለቻት። እማማ ስልክ ባትሪውን እንደያዙ ምራቃቸውን ዋጡ። አንደኛው ማራገቢያ በጣት ሲነካ ይዞራል፤ ሁለተኛው አልዞርም አለ። ምራትየው ጠጋ ብላ አየች፣ በጥፍሯ ቆንጠጥ አድርጋ ሳበች፣ እና አንድ ነገር ተከትሏት መጣ። ክር ነው። ሳበችው፣ አሁንም አለ። ብርቱካናማ ነው።

ሁለቱም ቅርጫቱን አዩ። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ደረብ አንድ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል፤ ከሱ የወጣው ክር ወንበሩን ዞሮ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ባለው ወንፊት በኩል ገብቶ ነበር፤ ጫፉ ተበጥሶ አሁንም ወንፊቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «እኔን!» አሉ እማማ ስልክ። «እኔን ያስቀድመኝ! ያነቅኋት እኔ ነኝ ለካ! እሷ ምን አጠፋች፣ እኔ ነኝ ያስጉተመተምኳት!» ምራትየው ክሩን በጣቷ እንደጠቀለለች ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ፣ በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተዘርራ። «ለማነው ግን ደረቡ እማዬ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ብርቱካናማ እኮ አይወዱም።»

«ለማን መሰለሽ? ትከሻዬን ይበርደኛል ላለ ሰው ነዋ!» አሉ እማማ ስልክ ኮስተር ለማለት እየሞከሩ።

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። ክሩን ከጣቷ ፈታችና ቅርጫቱ ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከማራገቢያው እምብርት ላይ የተጠመጠመውን ቀሪ ክር እማማ ስልክ ራሳቸው በኪሮሻቸው እየመነጠሩ አወጡት፤ ባትሪውን ምራትየው ያዘች። የካርዷን ወርቃማ ጥርሶች ባለ ጥገናው በስልክ እንደነገራት በላጲስ ፈተገቻቸው። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገች። መልሳ ስትሰካት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰጠች። «ግብት አለች!» አለች። ኤሌክትሪኩን ሰኩ። እማማ ስልክ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ አሁን ፊታቸው ወደ መጋረጃው አልዞረም።

«ምን ይታያል እማዬ?»

«ነጭ ማእድ ቤት ይታየኛል። መስኮት ያለው። ኩፍኙ ጠፍቷል» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ!»

ሳጥኑ አያጉተመትምም። ጆሮ ካልሰጡት መኖሩም አይታወቅም። ምራትየው ሥዕሉን እንዲያወጣ አዘዘችውና ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከአሥር ወደ ሃያ ሲወጣ ጥፍሯን እየነከሰች ትመለከት ጀመር። እማማ ስልክ ይህን ጊዜ ቀስ ብለው ተነሱ። ሻንጣውን ወደ ክፍላቸው ሊጎትቱት ነው። እጀታውን ሲይዙ የውጭው በር ተንኳኳ ማለት አይቻልም፤ ተደበደበ።

ዳኛ የመድኃኒት ቤት ነጭ ልብሷን እንኳን አላወለቀችም። ሻንጣውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ሰላም ሳትል ቀጥታ ወደ ሳሎን ገባች። ምራትየው ካቻቢቴዋን እንደያዘች ዞረች። «ዛሬ ነው የምታወጫት ወይስ ነገ?» አለች ዳኛ። «እኔ ቤት ቦታ አለ፣ አታስቢ። አርጅታለች አይደል ያልሽው? ታጉተመትማለች አይደል? ‹ትዘጋኛለች፣ አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ›! እናቴን ነው እኮ፣ እሷ! እሷ ብለሽ!» ምራትየው መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ዓይኗ ወደ በሩ፣ ወደ ሻንጣው ሄደ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኳ ተመለሰ። ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ ያ የሳቅ ወዝ ሁሉ ደረቀ።

እማማ ስልክ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማምለጫ አልጠፋም። ናፍቃችሁኝ ልጠይቃችሁ ነበር የተነሳሁት ቢሉ፣ ዳኛን በዓይናቸው ቢጠቅሷት፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ግን ልጅቷ ሳታጠፋ እንደዚያ ቆማ ማየቱ አንጀታቸውን በላው። ወደ መሐል ገቡና የዳኛን ክንድ ያዙ።

«ፍርዱ ይቆይሽ» አሏት። «ያረጀችው እኔ አይደለሁም። ያረጁት እሳቸው ናቸው።»

«እነማን?» አለች ዳኛ ዘወር ዘወር ብላ።

«እኚያ፣ እሳጥኑ ውስጥ ያሉት። ካርድ ይባላሉ። ሲያጉተመትሙ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ያስጉተመተምኳቸው ደግሞ እኔ፣ በክሬ። ግማሽ ጥሪ ሰምቼ ነው የደወልኩልሽ።»

ዳኛ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን አየች። ምራትየው ግን አልሳቀችም። ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ እማዬ እንደዚያ የምለው?» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ። «ስለ እርስዎ? ከጠዋት ጀምሮ ይህን ይዘው ነው ከኔ ጋር የዋሉት?»

እማማ ስልክ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «አትዘኝብኝ ልጄ» አሉ። «አንቺን ክፉ ናት ብዬ አይደለም ያመንኩት። የተባለው ሁሉ እኔን መሰለኝ። አርጅቻለሁ። አጉተመትማለሁ። ሲከፋኝ ሰው እዘጋለሁ፣ ትናንት እንኳን በሾርባው ዘግቼሻለሁ። ከላይ እስከ ታች ብመረምረው አንድም የማይመስለኝ አጣሁበት። ፈራሁ። እውነቷን ነው፣ ለኔም ይገባኛል አልኩ።»

ምራትየው መጥታ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ያ የተቀደደው ካልሲዋ በጎን ወጣ። እጃቸውን ይዛ አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠረገችላቸው። «እርስዎ ሲያጉተመትሙ እኮ ነው እኔ ሥራ የሚገፋልኝ» አለች። «ባለፈው በዚችው ልጅዎ ቤት የከረሙ ጊዜ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የዋልኩት። ወሬ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ማጉተምተም አይችልም። የትም አይሄዱም።»

እማማ ስልክ አሁን አለቀሱ፣ ሳይደብቁት። ዳኛም አፍንጫዋን በነጭ ልብሷ እጅጌ ጠረገችና ያለ ሥራ መቆሙ ስለከበዳት ሻንጣውን በአንድ እጇ አንስታ ከአልጋው ሥር መለሰችው። ስትመለስ ድምፅዋ ተስተካክሏል። «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር ፍርድ ልስጥ» አለች። «ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የ‹እሷ› ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ያረጀ ነገር ሁሉ፣ ማቀዝቀዣም ቢሆን፣ ብስክሌትም ቢሆን፣ አንቱ ይባላል። ይግባኝ የለውም!»

«ኧረ ቀስ በሉ» አለች ምራትየው ወደ ስክሪኑ እያየች። «እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው። ዘጠና ደርሰዋል።»

ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። እማማ ስልክ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ማንም ግን ንገሩኝ አላላቸውም ነበር። መቶ ሲሉ ነጩ ማእድ ቤት ከነመስኮቱ፣ ከነመብራቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ምራትየው ላከችው። ሻይ አፍልተው እየጠጡ ሳለ አናጢው ደወለ፤ ደንበኛዋ ከመድረሷ በፊት ደርሶለታል፣ አይታውም መደርደሪያውን ብቻ ዝቅ አድርጉልኝ ብላለች። ዳኛ ታክሲው እየጠበቃት መሆኑን ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ሹፌሩ ታች ሆኖ ሲያጉተመትም በመስኮት ተሰማ። እማማ ስልክ ክራቸውን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ። ወንበራቸውን ግን ከሞቀው ቦታ አላነሱም፤ ይነሱ ያላቸውም የለም። የቀረችውን የደረቡን እጅጌ ጀመሩ።

ወንድ ልጃቸው ጀንበር ጥልቅ ስትል ከሥራ ገባ። ቦርሳውን ሳያወርድ፣ እናቱ በኪሮሻቸው፣ ሚስቱ በሥዕሏ፣ እህቱም ታክሲውን ሸኝታ ሁለተኛ ሻይዋን ይዛ እንደተቀመጡ አገኛቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጨንቀው የዋለውን ጠየቀ።

«እህ፣ እንዴት ሆነች? ተሠራች?»

«ተሠሩ በል!» አሉት ሦስቱም ባንድ አፍ።